የሁዳዴ ሩጫ

ያን ዓመት ላሊበላ ውስጥ ቁምጣ ለብሳ የምትሮጥ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ሲመርጡኝ ቄሱ አባቴ እምቢ ማለት አልቻሉም። "ሩጪ፤ ጾሙን ግን እንዳትገድፊ" ብቻ አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ደሴ ላይ ውድድር ነበር። ደሴን ከመመኘት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሁዳዴን ሙሉ ገና ሳይነጋ ተነስቼ በኩልመስክ መንገድ ብቻዬን እሮጣለሁ፤ ከዚያ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃ እንኳ አልቀምስም። መምህሩ "ወተት ጠጪ እንጂ" ሲሉኝ ክው አልኩ። በሁዳዴ! አብዮተኛ ቢሆኑስ ክርስቲያን እናት አልወለደቻቸውም እንዴ ብዬ ታዘብኳቸው።

እኩዮቼ ጡት አጎጥጉጠው፣ ገሚሶቹም ተድረው ነበር። ወንዝ ልብስ ሲያጥቡ ስጠጋቸው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እኔ የወር አበባ እንኳ አላየሁም። እናቴ ጓዳ ሆና "ምነው ይቺ ልጅ ደርቃ ቀረች?" ስትል ሰምቻታለሁ። ሆድ ባሰኝ፤ የሚያጫውተኝ ሰው አልነበረም።

በጾሙ መጨረሻ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። ከተናገርኩ ደሴ ሊቀርብኝ ነውና ዝም አልኩ። አንድ ጠዋት ቁልቁለት ላይ ቀጭ አለ። አንድ መንገደኛ አዝሎ ቤት አደረሰኝ። ወጌሻው "ወለምታ ነው" ብለው፣ ጾም ስለሆነ በቅቤ ፋንታ በኑግ ዘይት አሹኝ። አሽተው አሽተው ስንጥቁን ስብራት አደረጉት።

ተወዳዳሪዎቹን የጫነው መኪና ሲነሳ፣ እግሬ በቀርከሃ ታስሮ መደብ ላይ ተኝቼ ጡሩምባውን ሰማሁ። መምህሩ እንኳ ብቅ ብለው አልጠየቁኝም።

ደሴን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ለእግሬ ሕክምና ሄጄ ነው። ሐኪሙ የሴት ልጅ አጥንት የሚጠነክረው በዚያ በኮረዳነት ዕድሜ መሆኑን፣ ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጅ አበባዋም እንደሚዘገይ፣ አጥንቷም እንደሚሳሳ አስረዳኝ። ተናደድኩ፤ ግን በማን ልናደድ?

እግሬ በተሰበረበት ዓመት ክረምቱን ግን ተኝቼ ስበላ ከረምኩ። መስከረም ላይ አበባዬ መጣ። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች፤ "ተመስገን! ሰው ሆንሽልኝ" አለች። ሽማግሌ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ በጥር ተዳርኩ። ሙሽራ በበቅሎ ስለሚሄድ ማነከሴን ያየ ሰው አልነበረም።