ለሞላ ያቀበልኩት ዋንጫ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው የምነግራቸው ጾም መግደፌንና በሰው ማሾፌን ነው፤ እየሳቁ ይፈቱኛል። ይህኛው ግን አያስቅም። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገር።

ሞላ እንደኔ በቅሎ አከራይ ነበር። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ፈረንጅ የምናወጣው አብረን ነው። ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ከሚስቱ ሌላ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ወደ አገራችን ገና የደረሰ ሰሞን ነበር፤ ጀምሮት ትንሽ ሥጋ መልሷል። አንድ ቀን አቀበቱን ስንወጣ፣ «ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ» አለኝ፤ «ሰውነትህ መከላከያ የለውም፤ ሌላውን ጥቂት ቀን የሚያስተኛ ጉንፋን አንተን ከያዘህ ሳንባህ ይገባል፤ ከሚያስል ሰው ራቅ።» ሰማሁት። በደንብ ሰማሁት። አልሰማሁም ብዬ እንዳላመልጥ ነው ደግሜ የምጽፈው።

የጊዮርጊስ ማኅበራችን ተራው እኔ ቤት የደረሰ ዕለት ኢንፍሉዌንዛ ይዞኝ ነበር። ሳስል የአሸተን ተራራ ይነቃነቃል፤ ንፍጤ ብቻውን ተከዜን ይሞላል። ማኅበርተኛው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ጠላው እንደ ደንባችን በአንድ ዋንጫ ይዞራል። ሞላ ከጋቢው ሥር ጣሳ አወጣ።

«ለእኔ በዚህ ቅዱልኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?

«ምነው ሞላ! ፈረንጅ ስታወጣ ስታወርድ አንተም ፈረንጅ ሆንክ? የጊዮርጊስን ጽዋ ተጠየፍክ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የማኅበሩ ሽማግሌ አያ በላይ፣ «ተው አንተ፣ ሰውየውን አታሳፍረው» አሉኝ፤ እሳቸውም ግን እየሳቁ። ሳቁ ጣመኝ። ከነሳሌ ተጎነጨሁና ዋንጫውን ዘረጋሁለት። ሞላ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እምቢ ቢል «ለምን?» ይባላል፤ ለምን ከተባለ ምሥጢሩ ይወጣል። ይህንንም አውቅ ነበር። ጣሳውን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተና ተቀብሎኝ ጠጣ።

«ጎሽ! አሁን ሰው ሆንክ» አልኩት።

እኔ ሳምንት ሳይሞላኝ ድኜ በቅሎዬን ጫንኩ። እሱን ትኩሳቱ አልለቀው አለ፤ ትንፋሽ አጠረው። ሚስቱ ስንዱ ሆስፒታል ስታስገባው ሳንባው ተይዞ ነበር። ልጠይቀው ሄጄ በሩ ላይ ተገተርኩ።

«ግባ እንጂ» አለኝ፤ «ከእንግዲህ ምን ታመጣብኛለህ?»

ቀልዱ ነበር። እኔ ያልሳቅኩበት ቀልድ ያ ብቻ ነው። ከዚያ አልጋ በሕይወት አልወጣም።

ለቅሶው ላይ ሰው «ብርድ መታው» ሲል እኔም «ብርድ ነው» አልኩ። ስንዱ የኔን እንባ አይታ፣ «አይዞህ ወንድሜ» ብላ አጽናናችኝ። እሷ እኔን!

በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ያስል ነበር። ከሌላ ሰው ይዞት ይሆን? ይሆናል። ግን ሌላው ሰው አያውቅም፤ እኔ አውቅ ነበር። እያወቅኩ አቀበልኩት። ለምን? ጠላቴ ነበር? በድሎኝ ነበር? ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው።

አሁን ማኅበር የምሄደው የራሴን ጣሳ ይዤ ነው። ሳወጣው ቤቱ ይስቃል፤ «ይሄ ደግሞ አዲስ ቀልድ አመጣ!» ይላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምክንያቱን የማልናገረው የሞላን ምሥጢር ልጠብቅ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸቴን ነው፤ የጠበቅኩት የራሴን ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ዋንጫውን ከእጄ ተቀብሎ ጠጥቷል።