መሪው በግራ፣ መንገዱም በግራ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደቡብ አፍሪካዋ ጀርሚስተን ተነሳሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፦ የጓደኛዬን የማርቆስን እህት ምሕረትን ከኦሬንጅ ፋርም ወስጄ ለሠርጓ እስከ አራት ሰዓት ጀርሚስተን ቤተ ክርስቲያን ማድረስ። የምነዳው ማርቆስ ሦስት ዓመት ሙሉ ለፍቶ ከዝገት ያስነሳውን ቀይ ሙስታንግ ነው። የድሮ የአሜሪካ ስፖርት መኪና፣ ስምንት ሲሊንደር፤ ሲነሳ መኪናው የሚያድርበት የጀርሚስተን ጋራዥ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ማርቆስ ያን ሁሉ የደከመው እህቱ በሠርጓ ቀን እንድትሄድበት ነው። እሱ ግን መንዳት የተማረው መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ በሆነበት በዚህ አገር ስለሆነ የግራ መሪ ፈራ። እኔ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ አይሱዙ እነዳ ስለነበር «መሪው በግራ ከሆነማ የአገሬ መኪና ነው!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ማደያው

ቤንዚን ቀዳሁ፤ በሦስት በሦስት ራንድ ሁለት ማግዊኛ ገዝቼ ትኩሱን የተጠበሰ ሊጥ እዚያው ቆሜ በላሁ። ስወጣ ጉድ ፈላ። ስምንት ዓመት በግራ መንገድ የነዳሁ ሰውዬ፣ መሪውን በግራ በኩል ሳገኘው እጄ አገር ቤት የገባ መሰለውና በቀኝ መንገድ ይዞኝ ሄደ። ሚኒባስ ታክሲ ፊት ለፊት! ሁለታችንም ፍሬን ረግጠን ለጥቂት ተረፍን።

ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ብራዘር! እዚህ አሜሪካ አይደለም!» አለኝ።

ያሳሳተችኝ ሆሳዕና ናት ብል ማን ይረዳኛል? ከዚያ በኋላ በጣም ፈራሁ።

ኦሬንጅ ፋርም፣ ሁለት ሰዓት

ሙሽራዋ በወንድሟ ስፓዛ ሱቅ በር ላይ በነጭ ቬሎ ቆማለች። የሆነውን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ማርቆስ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው በእኔ ኮሮላ ትሂድ» አለ።

«ሦስት ዓመት ቅዳሜህን በሙሉ ለዚህ መኪና ሰጥተህ በኮሮላ? አይደረግም!» አለች ምሕረት። «ወንድም ዘለቀ፣ እኔ ከፊት በቀኝ እቀመጣለሁ። መንገዱን አይልሃለሁ።»

አክስቷ «ሙሽራ ከፊት? ምን ጉድ ነው!» ብለው አጉረመረሙ። ምሕረት ግን ገብታ ቬሎዋን ሰብስባ ተቀምጣለች።

ወደ ጀርሚስተን

በየመታጠፊያው «ግራህን ያዝ! ግራ!» ትለኛለች። በጠባብ አሮጌ መንገድ ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ፊታችንን ዘጋ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል፤ እኔ ካለሁበት የግራ ጥግ ከጭነቱ ሌላ አይታይም።

«ቆይ… ቆይ… ባዶ ነው፣ እለፍ!»

ረገጥኩት። ሞተሩ አገሳ፣ ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ሙሽራዋ ለራሷ እልል አለች።

እዚህ ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራት ሲይዘን በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች በዚህ አገር የሹፌር ቦታ በሆነው በቀኝ ወንበር ላይ ነጭ የለበሰች ሙሽራ አዩ። «ማኮቲ፣ ሙሽራዋ ናት የምትነዳው!» እያሉ አጨበጨቡ። ምሕረትም ሳታስተባብል እጇን አወዛወዘችላቸው።

ለአራት አምስት ጉዳይ ደረስን። ከኋላችን በኮሮላ የመጣው ማርቆስ እህቱን በር ከፍቶ አወረዳትና አቅፏት አለቀሰ። እኔም አላስቻለኝም።

ቤት

ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተማርኩ፦ እጅ የለመደውን አይረሳም፤ አውቃለሁ ባይም ዓይን የሚያውሰው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን እያሰብኩ ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ሰምታለች።

«ሙሽራዋ ራሷ ነድታ መጣች አሉ። አንተ ታዲያ ምን ትሠራ ነበር?»

«መሪውን ይዤላት ነበር» አልኳት።