ዓይናለም የፈለገቻት ሄዋ

ባለቤቴ ዓይናለም ቀናተኛ ነበረች። ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆናት፤ ልወቅሳት ፈልጌ አይደለም፤ ራሷም አትደብቀውም ነበር። ደሴ ለሠርጋችን ሱፍ ሲሰፋልኝ ልብስ ሰፊዋ ሱሪዬን ልትለካ ስትንበረከክ፣ ዓይናለም ሜትሩን ከእጇ ተቀብላ ራሷ ለካችኝ። ሱሪው አጠረ፤ በአጭር ሱሪ ተሞሸርኩ። ናይሮቢ ከመጣን በኋላም ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ሴት ካለች ቦታ አስቀይራኝ መሃል ትገባ ነበር።

ቅናቷ ጩኸት አልነበረውም። አትጠይቅም። ታያለች፣ ታዳምጣለች፣ የሰማችውን በሆዷ ይዛ ትሰነብታለች። እኔ ደግሞ ካልተጠየቅኩ የምናገር ሰው አይደለሁም። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ልንለያይ ምንም አልቀረንም ነበር።

እሷ ሁርሊንግሃም፣ የአገራችን ሰዎች በከፈቱት ምግብ ቤት ወጥ ትሠራ ነበር። እኔ ኢምባካሲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው የሀብተወልድ ጋራዥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ቀለሙ ዝም ብሎ ቀለም አይደለም። እንዲደርቅ የሚቀላቀልበት ነገር ሳንባ ይጎዳል፤ ዛሬ ባይሰማህ ከዓመታት በኋላ ይሰማሃል። ስለዚህ በተዘጋው የቀለም ክፍል ውስጥ ስንሠራ ፊት የሚሸፍን ማስክ እናደርጋለን። የድሮው ማስክ ቱቦ ብቻ ነበረው። ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ንጹሕ አየር በቱቦው ይልክልናል፤ አየሩ ከተቋረጠ ማስኩን ከፊትህ ነቅለህ እስትንፋስህን ይዘህ መሮጥ ነው።

በዚያ ዓመት ሀብተወልድ አዲስ ዓይነት አመጣልን። ቱቦውም አለው፣ ቀበቶ ላይ የሚታሰር የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮም አለው። ቱቦው አየር እስከሰጠህ ድረስ ከቱቦው ትተነፍሳለህ። አየሩ ሲቋረጥ ፉጨት ያሰማል፤ ቀበቶህ ላይ ያለውን መዘውር ታዞርና በፊልትሮው እየተነፈስክ ትወጣለህ። ለመውጫ ብቻ ነው፤ ሥራ አይሠራበትም። እኔ ይህን ሁሉ ለዓይናለም አልነገርኳትም። «አዲስ ማስክ መጣልን» አልኳት፤ እሷም «ጥሩ» አለች፤ በዚያው አለቀ።

ማስኩ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር። ላስቲኩ ቆዳ ላይ እንዲገጥም ፊት መላጨት አለበት። እኔ ከጉርምስናዬ ጀምሮ ፂም ነበረኝ። ዓይናለም ለሠርጋችን ተላጭልኝ ብላ ለምናኝ እምቢ ብያት ነበር። አሁን በየማለዳው መስታወት ፊት ቆሜ መላጨት ጀመርኩ።

«ለማን ብለህ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ለሥራ ነው» አልኳት።

«ሥራው ፂም አይወድም?»

«አይወድም።»

እውነቴን ነበር። እሷ ግን ፊቴን ትክ ብላ አይታ ሄደች።

ከዚያ ሄዋ መጣች። በስዋሂሊ አየር ሄዋ ይባላል። ጋራዡ ውስጥ ሁላችንም፣ አማርኛ ስንናገር እንኳ፣ ያንን የቱቦ አየር ሄዋ እንለዋለን። የምንሠራበትን ዕቃ ደግሞ እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያተኛ በሴት አንቀጽ ነው የምንጠራው። መኪናዋ፣ ኮምፕሬሰሯ፣ ሄዋ። ኬንያ ያደገው ባልደረባዬ ዮፍታሄ ከእኔ ቀድሞ ስለሚገባ በየማለዳው ይደውልልኛል፤ እኔም ጫማዬን እያሰርኩ ስልኩን በድምፅ ማጉያ እከፍተዋለሁ።

«ጋሽ አስቻለው፣ ሄዋ ዛሬ ሰላም ናት። ትናንት አኩርፋ ነበር አይደል? አሁን ፍሬሽ ሆናለች።»

«እኔ ሳልመጣ እንዳትነካት።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ያላንተ ለማንም አትሆንም።»

ዓይናለም አልጋ ስታነጥፍ ይህን ትሰማለች። ናይሮቢ ከገባች ገና ዓመቷ ነበር። ስዋሂሊዋ የገበያ ነው፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ስንት ነው፣ ቀንስልኝ፣ ውስጥ፣ ውጭ። ሄዋ ስትል የምታውቀው ሔዋንን ነው፤ ደሴ ጎረቤታቸው የነበረችው ሔዋንም በቁልምጫ ሄዋ ነበር የምትባለው። እና ባሏ ተላጭቶ፣ ማልዶ ወጥቶ፣ ሄዋ ዘንድ ይሄዳል። ማታ ሲመለስ ጉንጮቹ ላይ ቀይ መስመር አለ። የማስኩ ላስቲክ ነው ብዬ ብነግራት ኖሮ! አልጠየቀችኝም፤ አልነገርኳትም።

ሁለት ወር ቻለችው። በኋላ እንደነገረችኝ ሽንኩርት ስትከትፍ ሄዋን ትስላት ነበር። መጀመሪያ ቀጭን አድርጋ ሳለቻት። ቀጥላ ጠይም። ከዚያ ጥርሷ ፍንጭት ሆነ። አንድ ቀን ወጡን አሳርራ ወቀሳ ስትሰማ እንኳ ሄዋ ወጥ የምታሳርር አይመስለኝም ብላ አሰበች። ምግብ ቤቱ ደንበኛ ሆና ብትመጣስ ብላ፣ የማታውቃት ሴት በገባች ቁጥር በመስኮቱ አንገቷን ታወጣ ነበር።

በመጨረሻ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ ወደምትነግደው ወደ እትዬ ጦይባ ሄደች። እትዬ ጦይባ ዕቃዋን በሞያሌ በኩል ስለምታመላልስ አገር ለሚገባ ሰው በመኪና ቦታ ታገኛለች። ዓይናለም የቅዳሜውን መኪና ጠየቀቻት። ልብሷንም ቀስ በቀስ እያወጣች እዚያ ባስቀመጠችው ሻንጣ ውስጥ ከተተች። እኔ ከሥራ ስመጣ ከቁም ሣጥኑ የጎደለውን ልብ አላልኩም።

«ጠይቀሽዋል?» አለቻት እትዬ ጦይባ።

«ምን ብዬ? አፌን ሞልቼ ስሟን ልጥራላት?»

«ወላሂ አንቺ ልጅ! በወሬ ትዳር ይፈታል? ቢያንስ ሴትየዋን በዓይንሽ አይተሽ ሂጂ። ምን አላት፣ ምን የላትም፣ አገርሽ ስትገቢ የምታወሪው እንዲኖርሽ።»

ዓይናለምን ይህ ምክር ተስማማት። ዓርብ ቀን ከምግብ ቤቱ ፈቃድ ወሰደች። ሐበሻ ቀሚስ ለበሰች፤ ለሄዋ ነው። በሁለት ማታቱ ኢምባካሲ ደረሰች።

በሩ ላይ ዋፉላ ነበር፤ ዘበኛችን። ሰው ሁሉ ጎማ ሊያስነፋ ስለሚመጣ ሄዋ ሲሉት አዲስ አይሆንበትም።

«ማማ፣ ኡናታካ ኒኒ?» አላት፤ ምን ትፈልጊያለሽ ማለቱ ነው።

«ሄዋ» አለችው።

«ሄዋ? ኢኮ ንዳኒ፣ ና ፉንዲ።»

ውስጥ ነው፣ ባለሙያው ጋ፣ ማለቱ ነበር። ስዋሂሊ የሚያውቅ ሰው «ኢኮ» ስለ ዕቃ እንጂ ስለ ሰው እንደማይባል ይረዳ ነበር። እሷ የሰማችው ሁለት ቃል ነው፤ ውስጥ እና ፉንዲ። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሰው ፉንዲ ብሎ የሚጠራው ደግሞ እኔን ነው። ዋፉላ ባዶ እጇን አይቶ ጎማው የት አለ ብሎ ሳቀ። በራሷ ላይ የሳቀ መስሏት ያዘችበት።

የቀለም ክፍሉ በር ተዘግቷል። መስኮቱ በቀለም ተሸፍኗል። ደበደበች፤ ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፣ ማን ይሰማል? ከግድግዳው ጋር ወደ ውስጥ የሚገባ ቧንቧ አለ። ከቧንቧው መዝጊያ በላይ፣ በእኔ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ ጥላ ሁሉ ተሠርቶለት «HEWA» ተብሎ ተጽፏል። ሰው በስህተት እንዳይነካው ነበር የጻፍኩት።

ዓይናለም ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበች። እጄን ታውቀዋለች። ወጥ ቤት ሲበጠብጧት ጋዙን ዘግታ ሁሉንም ታስወጣቸው ነበር። አሁንም ውስጥ ያሉት እንዲወጡ መዝጊያውን ጠመዘዘችው።

እኔ ውስጥ የአንድ ነጭ ሚኒባስ ጣሪያ እየቀባሁ ነበር። ፊቴ ላይ ይነፍስ የነበረው አየር ቆመ። ቱቦው ላላ፣ ማስኩ ጉንጬን መጠጠኝ፣ ፉጨቱ ተነሣ። ክፍሉ በቀለም ጭጋግ ተሞልቷል። ቀበቶዬን ዳበስኩ፤ መዘውሩን መጀመሪያ በተቃራኒው አዞርኩት፤ ከዚያ በትክክሉ። የመጣልኝ አየር ወፍራም ነው፣ ላስቲክ ላስቲክ ይላል፤ ግን አየር ነው። ቱቦውን ነቅዬ ሚኒባሱን እየተደገፍኩ ወደ በሩ አመራሁ።

በሩን ስከፍተው ዮፍታሄ ከስቱኮ ሥራው ተነሥቶ እየሮጠ ይመጣል።

«ማነው ሄዋን የዘጋት? ማነው?»

«እኔ ነኝ!» አለች ዓይናለም። «የታለች? አውጣት!»

«እትዬ ዓይናለም? ማንን?»

«ሄዋን ነዋ! ውስጥ ናት ብሎኛል ዘበኛው።»

ዮፍታሄ እጁን ቧንቧው ላይ አኖረ። «ሄዋ እኮ ይቺ ናት። አየር። ጋሽ አስቻለው የሚተነፍሳት።»

«አትቀልድብኝ። የልጆች አባት ነህ።»

ማስኩን ሳወልቅ አየችኝ። ጉንጬ ላይ ያለውን መስመር፣ ላስቲኩን፣ የተላጨውን አገጬን በተራ አየች። ዮፍታሄ ኬንያ ባደገ አማርኛው፣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እየቀላቀለ ያስረዳታል፤ እሷ ግን ከእኔ ዓይኗን አልነቀለችም። ቱቦውን በጣቷ ተከትላ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ መዝጊያው ደረሰች። ትኩስ ድስት እንደነካች ሁሉ እጇን ከመዝጊያው ላይ አነሣችው።

«የምትተነፍሰውን ነው የዘጋሁት?»

«ፊልትሮ አለው» አልኳት።

«የድሮውስ ነበረው?»

ዮፍታሄ መሬት መሬቱን አየ።

ቁጭ አለች፤ በዚያ ቀሚስ፣ የቀለም ጣሳ ላይ። «ስሟን እንዲህ አሳምረህ ከምትጽፍላት ለእኔ አንድ ቀን ሄዋ ማለት አየር ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ልክ ነበረች። አንዳንድ ቀን አሁንም መልስ እፈልግለታለሁ።

ሀብተወልድ ለዚያ ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። ማታቱ ውስጥ መስኮቱን እያየች «ነገ ልሄድ ነበር» አለችኝ።

«የት?»

«አገሬ። ሻንጣዬ እትዬ ጦይባ ጋ ነው።»

ቤታችን አልሄድንም፤ ኢስሊ ወረድን። እትዬ ጦይባ ሱቋ በር ላይ ጨርቅ ስታጥፍ አገኘናት። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ ዓይናለምን ወደ ጎን ሳበቻት፤ ግን ድምፅ መቀነስ አታውቅበትም።

«እህ? ሴትየዋን አየሻት?»

«አየኋት።»

«ምን ትመስላለች?»

«ቧንቧ ናት» አለች ዓይናለም።

ነገሩ ተነግሮ እስኪያልቅ እትዬ ጦይባ ጨርቁን ለቃ የሳቅ እንባዋን ትጠርግ ነበር። «ያ ረቢ! ባልሽን ልትገድዪው ነው የላክሁሽ!» ደግሞ ወደ እኔ ዞረች፤ «አንተስ ብትሆን አፍ የለህም? የዚያን ነገር ፊልትሮ ያመጣልህ ሰው ይባረክ።»

«የሀብተወልድ ልጅ ናት የመረጠችልን» አልኩ። «ሐሊና። እሷ ናት ይህኛው ይሻላል ብላ ያስመጣችው።»

ዓይናለም ቀና አለች። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ኧረ በአላህ!» አለች እትዬ ጦይባ።

ዓይናለም ራሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ለቅዳሜው መኪና ሌላ ሰው ፈልጊ ብላት ወደ ጓዳ ገባች፤ ሻንጣውን እየጎተተች ወጣች። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ክብደቱ ክንዴን ወደ ታች ጎተተው። ለሳምንት የሚሄድ ሰው ሻንጣ አልነበረም፤ ያላት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እሷም የእጀታውን ሌላ ጎን ያዘችና ደረጃውን አብረን ወረድን።