ሴልን በቃሌ ያወጣሁበት ዓመት

የረጠበ የሱፍ ሹራብ ማሞቂያው ላይ ባሰጣሁ ቁጥር የበግ ጠጉር ሽታው ይነሣና፣ ከምኖርበት ሩቅ አገር ወስዶ መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ካለው ቤታችን ያደርሰኛል። ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ባለፍኩበት ክረምት እናቴ አጥባ ያደረቀችውን ጠጉር ምድጃው ዳር እየባዘተች ትፈትል ነበር፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ባዮሎጂ አጠና ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። የደብሩን ተማሪዎች በቃል ሲያስጠኑ እየሰማሁ ስላደግሁ፣ እኔም ትምህርቴን እንደ ዳዊት ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። የሴልን ክፍሎች ከነሥራቸው በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ ሰውነቴን እያወዛወዝኩ በቃሌ እለው ነበር። መስከረም ላይ ከክፍሉ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ጥር ላይ የሙከራ ፈተና ሲመጣ ግን ከግርጌ ሆንኩ። ጥያቄዎቹ «ምንድን ነው» ሳይሆን «ለምን» የሚሉ ነበሩ። የሰኔው ፈተና ካልተሳካልኝ ዩኒቨርሲቲው ቀርቶ፣ አጎቴ ያጩልኝን ሰው ማግባቴ ነበር።

ለአባቴ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«እስቲ በቃልሽ በይው» አሉኝ።

ስጀምር እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች፤ ደጅ የነበሩት ሁለት ተማሪዎችም ገብተው ቆሙ። ስጨርስ አባቴ፣ «ንባቡ እንከን የለውም። ትርጓሜውስ?» አሉ።

«ፈተናው እኮ በእንግሊዝኛ ነው፣ አባባ።»

«የእኛስ ንባብ በግእዝ አይደል? በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ሴል ማለት…» ብዬ ጀመርኩና፣ ተመልሼ ወደ እንግሊዝኛው ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዕለቱን ትምህርት በአማርኛ አስረዳቸው ነበር፤ ያቃተኝንም በማግስቱ መምህሬን ጠይቄ እመለስ ነበር። ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ እልፍ ሴሎች የተሠራ መሆኑን የነገርኳቸው ዕለት እናቴ፣ «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት አንዲት ልጅ መስሎኝ፤ ለካ ጉባኤ ኖሯል» ብላ ተማሪዎቹን አሳቀቻቸው።

ሴል ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ለምን እንደሚኮማተር ግን፣ መምህሬ ደጋግሞ ቢያስረዳኝም፣ ጾሙን ሙሉ አልገባኝም ነበር። ፋሲካ ሆኖ እናቴ ለቋንጣ የዘለዘለችውን ሥጋ ጨው ነስንሳበት፣ ቆይቼ ሳየው ሣህኑ ውኃ አቁሯል።

«እማዬ፣ ውኃ ጨምረሽበታል?»

«ምን ሲባል። ጨው ሲነካው እንባ ያነባል እንጂ።»

ውኃው ከሥጋው ሴሎች ጨው ወደበዛበት እንደወጣ ያን ጊዜ ታየኝ። ሮጬ ለአባቴ ስነግራቸው፣ «አሁን ገና ተረጎምሽ» አሉ።

ሰኔ ላይ ተፈተንኩ፤ እግዚአብሔር ረድቶኝ አለፍኩ፣ ዛሬም እንጀራዬ ከላቦራቶሪ ነው። ልጄ እዚህ ያንኑ ትምህርት ትማራለች፤ ሴሉ ሲኮማተር በማይክሮስኮፕ አይታው፣ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ገብቷታል፤ ስለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ። የምታጠናው ግን በሯን ዘግታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ነው። የምታጠናውን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ እናቷ፣ ሳሎን ብቻዬን እቀመጣለሁ። ያኔ ግን ከምለው አንዲት ቃል የማያውቁ ሰዎች፣ ሥራቸውን አቁመው እስክጨርስ ያዳምጡኝ ነበር።