መርዶ ይዘን ወደ ተራራው

ከቤይሩት በላይ ያሉትን ጠባብ የተራራ መንገዶች በስኩተሬ ማሰስ እወዳለሁ። ሰው ሁሉ በትልቁ አስፋልት ሲተራመስ እኔ በጥዱ መሀል በሚጠማዘዘው እወጣለሁ። የዚህ እሑድ ጉዞ ግን ለመዝናናት አልነበረም። የጓደኛዬ የስንዱ እናት ወሎ ውስጥ አርፈዋል። ወንድሟ ሐሙስ ዕለት ደውሎ፣ “በስልክ እንዳትሰማ፤ ሰው ሄዶ ያርዳት” ብሎ አደራውን እኔ ላይ ጣለው።

ስንዱ እዚህ እንዳለን እንደ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ሙቀት ሲበረታ የቤይሩት ሰው ወደ ተራራ መንደሩ ይወጣል፤ ሠራተኛዋም ከሻንጣው ጋር አብራ ትጫናለች። አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ከእሑድ በቀር እንግዳ አይገባም ስላለች ሦስት ቀን ጠበቅን። ስልክ ደግሞ እሑድን አይጠብቅም። አንድ የመንደር ልጅ የእናትየውን ፎቶ ከሻማ ጋር ኢንተርኔት ላይ ቢለጥፍ፣ ስንዱ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆማ ልታየው ነው። የፈራሁት ይህንን ነው።

መርዶ ያለ ትልቅ ሰው አይሆንም፤ ስለዚህ እትዬ ብርቄን ለመንኳቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ለሞተበት ሁሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሞተር ላይ ግን ወጥተው አያውቁም።

“ታክሲ የለም?” አሉኝ ሲን ኤል ፊል ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ።

“እዚያ መንደር ድረስ የሚወጣው ስንት እንደሚጠይቅ ቢሰሙ እሱም ሌላ መርዶ ነው፣ እትዬ።”

እንደ በቅሎ በአንድ ወገን ልቀመጥ ብለው ተከራከሩኝ። ተሸነፉ። ከስንዱ ጋር የምንበላውን የምሳ ቋጠሮ በመሀላችን አደረግን፤ ወገቤን አንቀው ያዙና ተነሣን።

እስከ ጃል ኤል ዲብ

ዶራ ሰፈር ስንደርስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። የቆሻሻው ክምር ይሸታል፤ የሕንፃዎቹ ጀነሬተር ያጓራል። አውራ ጎዳናው፣ አውቶስትራዱ ላይ ስንወጣ ባሕሩ በግራችን ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። የጭነት መኪና ባለፈን ቁጥር እትዬ ብርቄ ጆሮዬ ሥር “እመ ብርሃን!” ይላሉ። ሞተረኛ ለሆነ አንባቢ የምመክረው፣ ይህን መንገድ በጠዋት ይጨርሰው፤ ሲረፍድ መኪናው አያሳልፍም።

ጃል ኤል ዲብ አንድ ዳቦ ቤት ጋ ቆምን። በሁለት ዶላር መንኡሼ የሚሉትን፣ ዘይትና ዛተር የሚባል ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ ገዝቼ ለሁለት ቆረስኩት። እትዬ ብርቄ ድርሻቸውን በወረቀት ጠቀለሉት።

“ለስንዱ ይሁን። በባዶ ሆዷ አንነግራትም።”

እኔም ግማሼን አብሬ ጠቀለልኩት።

ዳገቱ

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ዳገት አሞግስላችሁ ነበር፤ የድንጋይ እርከኖቹን፣ ጥዱን፣ ከእግር በታች የሚቀረውን ከተማ። ዛሬ ጉሙ ወርዶ አስፋልቱን አርጥቦታል። ጅምር ሕንፃዎች ከጉሙ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። ስኩተሬ ለሁለት ሰው አቅም አጣች፤ ጠመዝማዛው ላይ ከሰው እርምጃ እምብዛም አልፈጠነችም።

ፍተሻ ጣቢያው ላይ አንድ ወታደር አስቆመንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። እኔ ወረቀቴን ስፈልግ እትዬ ብርቄ ከኋላዬ በአረብኛቸው “ኢማ ማተት” አሉት፤ እናቷ ሞታለች ማለታቸው ነው። ወታደሩ እኔን አየኝ። የሞተችው የእኔ እናት መስላው “አላ ይርሃማ”፣ ነፍሷን ይማር፣ አለና መንገዱን ለቀቀልን። ሳላርመው ነዳሁ። እናቴ በሕይወት አለች፤ ግን እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ እንባዬ ዓይኔን ጋረደኝ።

ዙሩ

ስንዱ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ሽርጧን እንደታጠቀች በሩን ከፈተችልን።

“ሂሩቴ! እትዬንም ጭነሽ? ጉድ ነው!” ሳቀች፤ ሳመችን፤ መልሳ ሳቀች።

ማዳሟ ከበረንዳው “ኑስ ሳዓ፣ ባስ!” አለች። ግማሽ ሰዓት ብቻ፤ የምሳ እንግዶች አሉባት።

እትዬ ብርቄ መንኡሼውን አወጡ። ስንዱ ግን አልተቀመጠችም። “መጀመሪያ አንድ ዙር ውሰጂኝ። ወደዚህ ከወጣን ጀምሮ ከግቢው አልወጣሁም። ያላ፣ እንሂድ ሂሩቴ!”

እትዬን አየኋቸው። “ትሂድ፤ ትንሽ ትናፈስ” አሉ።

ከመንደሩ ጫፍ ባለው ጠባብ መንገድ ወሰድኳት። መታጠፊያው ላይ የእመቤታችን ሐውልት ያለባት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። እዚያ ስንደርስ ጉሙ ለአፍታ ተገለጠና ቤይሩት ከነወደቧ ከታች ታየች። ስንዱ ትከሻዬን መታ አድርጋ አስቆመችኝ። ሞተሩን አጠፋሁ።

“እናቴን ልታረዱኝ ነው አይደል የመጣችሁት?”

ዞሬ አየኋት።

“ሐሙስ ነው ያየሁት። የአክስቴ ልጅ ለጥፎት። ያኒ፣ ማለቴ ሰላጣ እያጠብኩ።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?”

“ያረዳኝ ሰው የለ! ብቻዬን ባለቅስ ብቻዬን የቀበርኳት መሰለኝ። ሰው እስኪመጣ ያዝኩት። ደሞ ትመጫለሽ ብዬ ነበር።” ሽርጧን በጣቷ ጠመዘዘች። “አሁን መልሺኝ። እትዬ በወጉ ይንገሩኝ። ማወቄን እንዳትነግሪያቸው።”

ስንመለስ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰው ከጥዱ ሥር ቆመዋል። አጠገባቸው አስቀመጧት። መንኡሼውን ቆርሰው አጎረሷት፤ ዋጠችው። “እናትሽ ታማ ነበር” ብለው ጀመሩ። “አስታመሟት፤ አልሆነም። አርፋለች፣ ልጄ።”

የስንዱ ጩኸት የዚያን ግቢ ዝምታ ሰነጠቀው። ደረቷን ደቃች፤ መሬት ላይ ወደቀች። ማወቋን ባልሰማ ኖሮ ገና ያን ሰዓት የሰማች ነበር የምትመስለኝ። እኔም አብሬያት ጮኽኩ። ማዳሟ እየሮጠች ወረደች። ነገሩ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች፤ ውኃ አምጥታ ራሷ አጠጣቻት። ትንሽ ቆይቶ የእንግዶቹ መኪና በሩ ላይ ጥሩንባ ነፋ። ማዳሟ በሩንም እኛንም አየች። ስንዱ ፊቷን በሽርጧ ጠረገችና ተነሣች።

“ኸላስ፣ በቃ። አሁን አልቅሻለሁ። ሂዱ፣ ጉሙ ሳይብስ።”

የምሳውን ቋጠሮ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተውንላት።

ቁልቁል

ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈልጋል፤ ቀስ ብዬ ነዳሁ። እትዬ ብርቄ “እመ ብርሃን” ማለት ትተዋል። “ያቺ ልጅ ሰምታ ነበር” አሉኝ።

“እንዴት አወቁ?”

“ሌላ ጊዜ ገና ሳታስቀምጠኝ ‘አገር ቤት ደህና ናቸው?’ ትለኝ ነበር። ዛሬ አልጠየቀችኝም።”

“ታዲያ ለምን ነገሯት?”

“ለዚሁ አይደል እንዴ የመጣሁት?”

ሲን ኤል ፊል ስንደርስ አብራኝ የምትኖረው መሰሉ ደረጃው ላይ ልብስ ይዛ ቆማለች። እኔንና እትዬ ብርቄን፣ ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ አየች። ልብሱ ከእጇ ወደቀ።

“የማን ነው?” አለች። “ሂሩት፣ በእናትሽ፣ የማን ነው?”

“የስንዱ ነው፤ የአንቺ አይደለም” አልናት። ተመስገን ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ተመስገን ማለቷ አሳፍሯት ለስንዱ አለቀሰች።

መንገዱን ለሚወድ ሰው ያ ዳገት ጉም በሌለበት ቀን ያምራል፤ ሂዱበት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማንም ጓደኛዬ ቤት ስደርስ፣ ሞተሩን ከማጥፋቴ በፊት ወደ በረንዳው ቀና ብዬ “በሰላም ነው!” እያልኩ እጮኻለሁ።