መውደቅ ሥራው የነበረ ሰው

ጨርቅ ነጋዴዋ ሀሲና ከብቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስትመለስ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ግዙፍ ሰው ግራ አጋባት። ጆሮዎቹ አብጠው የደረቁ ናቸው፤ ጣቶቹ ግን ስልኩ ላይ ሲጽፉ ጥልፍ የሚጠልፉ ይመስላሉ።

«የትግል ስፖርት ዜና ነው የምጽፈው» አላት። «ድሮ ራሴ በየከተማው እየዞርኩ ለትርኢት እታገል ነበር። የሚወድቀው ማን እንደሆነ ቀድመን እንስማማለን፤ ብዙ ጊዜ ወዳቂው እኔ ነበርኩ።»

«አጂብ! ታዲያ ማታለል አይደለም?»

«ማሸነፉ ውሸት ነው፣ እህቴ፤ መሬቱ ግን የእውነት ነው።»

ልመነው አትል፣ አልመነው አትል፣ ያበጡ ጆሮዎቹን መልሳ አየች። ሞጣ መናኸሪያ ሲደርሱ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ወረደና ስቆ ተሰናበታት። ጭነቷን እስኪያወርዱላት ዞር ብትል፣ ሰውየው ማንም የማያየው መስሎት ግድግዳ ተደግፎ ወገቡን ይዟል።

ይኼንንስ ከማን ጋር ተስማምቶበት ይሆን?