የጎረቤቴ ተራ

የእኔ እልልታ ሰው አስወሰደ ተብሎ በሰፈራችን ሲወራ ሃያ ዓመት አልፎታል። ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ለቅሶ ቤት ስገባ ግን ወሬ ይቋረጣል፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን የምጽፈውም እነሱን ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታ የምጠይቃት ሴት ሌላ ናት።

ቤታችን ሓወልቲ ከሚሉት ሐውልት አጠገብ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ማኅበር እንጠጣ ነበር። ወሩ የደረሳት ትደግሳለች፣ ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፣ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ቤት ይሄዳል። ጽዋውን በእጇ የተቀበለች ሴት በሚመጣው ወር ልትደግስ ቃል ገባች ማለት ነው። ደጃፏ ሲደርስ እልል ይባላል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምረውም፤ እግር ደጃፉን ሲረግጥ አፍ ራሱ ይለዋል።

ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ከእኔ ቀጥላ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ነበረች። አስመራ ነው የተወለደችው፤ ባሏም የዚያው አገር ሰው ነው። መጀመሪያ ባሏን ወሰዱት። ከሌሎች ወንዶች ጋር በአውቶቡስ ወደ ድንበር እንደላኩት ሰማን። እሷ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ሄደች ተባለ። ይህን ያስወራሁት እኔ ነኝ። የትም አልሄደችም፤ እቤቷ ውስጥ ነበረች። የግቢዋን በር በውጭ በኩል በቁልፍ ዘግቼ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ምግብና ውኃ በጓሮ በኩል በግድግዳው ላይ አቀብላት ነበር።

አንድ ቀን ሳህኑን ስትመልስልኝ ከግድግዳው ማዶ፣

«ሓፍተይ፣ ሃያ አንድ መቼ ነው የሚውለው?» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ።

«ሐሙስ።»

«ጽዋውን መቀበል ተራዬ ነዋ።»

«አሁን ተራ ምን ያደርግልሻል? አርፈሽ ተቀመጪ።»

«እንዳታሳልፉብኝ። ጽዋው እቤቴ ካለ ሰው ነኝ።»

«ያለዚያስ ምንድን ነሽ?»

«ዶሮ ነኛ። ጥሬ የምትበትኚላት ዶሮ።»

ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። ጽዋውን ሴቶቹ ሲበተኑ በዚያው በግድግዳው ላይ ላቀብላት ቃል ገባሁላት። የተስማማነው እንዲህ ነበር፤ ያለ ድምፅ።

ሐሙስ ሴቶቹ መጡ። የማኅበር መሪ ሙሴ ትባላለች። የእኛ ሙሴ ሁላችንንም በዕድሜ የምትበልጥ፣ ወንድሟ ቀበሌ የሚሠራ ሴት ነበረች። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ላይ አንቱታውን ትቼዋለሁ። ድግሱ ሲያበቃ፣

«ተረኛዋ ስለሌለች ትዘለላለች» አለች። «ቀጣይዋ ተነሺና ተቀበይ።»

«ስሟ እኮ ከማኅበሩ አልወጣም፣ አደይ» አልኳት፤ እናቴ ማለቴ ነው።

«ይኸው አሁን ወጣ።»

አንዷ፣ «ደግነቱ ጽዋውን ይዛው አልሄደችም» አለችና ሴቶቹ ሳቁ። ሙሴዋ አልሳቀችም። «ደግሞ በደንብ ይታጠብ» አለች። «በእሷ እጅ ስንት ጊዜ ነው የዞረው።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ፍርፋሪ ይለቅማሉ። እኔ ያን ሰዓት ፈርቼ ነበር። በልቤ፣ «እመቤቴ፣ ቃል ገብቼላታለሁ» አልኩ። ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምናገረው፤ እንደዚያ ያለ ድፍረት ከዚያ በፊት በሕይወቴ አላውቅም፤ ከራሴም አልነበረም። ግን ከድፍረቱ ጋር ሌላ ነገርም ተነሣ። የሙሴዋ ፊት ሲለዋወጥ ማየት ፈለግሁ። ስንቱ እምነት፣ ስንቱ እልህ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ጽዋውን አንሥቼ በጠራራ ፀሐይ ወጣሁ። ሴቶቹ ተከትለው እኔ በር ላይ ተደረደሩ። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ የጎረቤቴን በር ከፈትኩ። እዚያ ላይ እንኳ ዝም ብዬ ብገባ ኖሮ፣ ባዶ ቤት አስቀምጬ ወጣሁ ለማለት እችል ነበር። እግሬ ደጃፉን ሲረግጥ ግን እልል አልኩ። ሦስት ጊዜ።

የቤቱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳለች። ተንበርክካ ጽዋውን ተቀበለችኝ። እጇ ሲነካኝ ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፤ ከትከሻዬ በላይ አልፎ ሴቶቹን ይቆጥራል።

በማግሥቱ ጠዋት የቀበሌ ሰዎች ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጡ። በእጇ መያዝ የምትችለውን ብቻ እንድትይዝ ሲነግሯት ከግቢዬ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ የእኔ በር ተንኳኳ።

«ሓፍተይ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ጽዋውን ተቀበይኝ።»

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ብረቱ ሲሞቅ ይሰማኛል። ትላንት ያንን ሁሉ የጮኸ አፍ አንድ ቃል አልወጣውም። እመቤቴ ማለትም አልመጣልኝም። ጽዋው ደጃፌ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ከዚያ የእግር ኮቴ። በሩን ስከፍት መንገዱ ባዶ ነበር።

ቤቷ ታሸገ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የጎረቤቴን ቡፌ ሙሴዋ ሳሎን ውስጥ አየሁት፤ «አደራ ነው» አለች። ማን አደራ እንደሰጣት አልጠየቅኋትም። ስለ እኔ እልልታ የሚወራው ወሬ ግን ከዚያ ሳሎን እንደወጣ አውቃለሁ። ቀበሌ የነገረችው እሷ ናት አልልም። አላየሁም። ያላየሁትን አልጽፍም።

የሚቀጥለው ሃያ አንድ ሲደርስ የጎረቤቴን ድግስ እኔ ደገስኩ። ጠላ ጠመቅሁ፣ ሕምባሻ ጋገርኩ፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ከሴቶቹ አንዲትም አልመጣችም። ከቀትር በኋላ ቄሱ ጥላቸውን ይዘው ብቻቸውን ገቡ። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ የቀበሌው ሰው ተቀምጦ ወደ እኛ ያያል።

«የማን ድግስ ነው?» አሉ ቄሱ። እያወቁ።

የክርስትና ስሟን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው።

«ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ።»

ወደ ሱቁ አየሁ። ከዚያ ከፍ አድርጌ፣ ማዶ እንዲሰማ አድርጌ ስሟን ጠራሁ። ቄሱ ተነሥተው በዚያ ስም ባረኩ። ሁለታችን ቁጭ ብለን በላን። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ፣ ማንም ምንም አላለኝም። የሚያሳድደኝ ይኸው ነው። ይህን ያህል የሚቻል ነገር ከነበረ፣ ያን ጠዋት መቀርቀሪያውን መሳብ ለምን አቃተኝ?

ዛሬም በሬ አንድ ጊዜ ብቻ ከተንኳኳ አልነሣም። ለማኝም ይሁን ዘመድ፣ ደግሞ እስኪያንኳኳ ባለሁበት ደርቄ እቀራለሁ።

የድንበሩ መንገድ ተከፈተ በተባለ ጊዜ ጎረቤቴ መጣች። ጥቁር የነበረው ጸጉሯ ሸብቶ፣ ቀጥናለች። ባሏ እዚያ ሞቷል። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ጉልበታችንና ስለ ደም ግፊት አወራን። መኪናው ሊሄድ አንድ ሰዓት ሲቀረው እንደ ምንም ብዬ፣

«የእኔ እልልታ ነው ወይ?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ያስወሰደሽ።»

«እኔ ምን አውቄ። ሊሆን ይችላል። እልል ስትዪ፣ ይቺ ሴት አበደች ብዬ ረግሜሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ከፈትሽ? ዝም ማለት ትችዪ ነበር።»

«ጽዋ ደጃፌ ቆሞ?» አለች፤ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

ከዚያ ሌላውን ነገርኳት። ጽዋውን ተቀበይኝ ስትል በሩ ኋላ ቆሜ እንደነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «እግርሽ በበሩ ሥር ይታይ ነበር።»

ይህን ሁሉ ዓመት ታውቅ ነበር። ስትወጣ ያየችኝ እንደዚያ ነው፤ ሁለት ባዶ እግር። ተነሥቼ እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

«ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«እሱን ያኔውኑ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ለእመቤታችን ነግሬያታለሁ» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

ምን ብላ እንደነገረቻት አልጠየቅኋትም።